ያለ እንጨት የበሰለው ንፍሮ

ጥቅምት 6

ዛሬ ምንም የተለየ ነገር የለም። ልብስ አጠብኩ። የእናቴን፣ የእቴቴን ፀጉር አበጠርኩላት። ምስር ወጥ ሠራሁ... ወላሂ ጣት ያስቆረጥማል! ራሴን አሞገስኩ እንግዲህ፣ ማን ያያል? ይሄን ደብተር ሪያድ ሰው ቤት ስሠራ የማዋራው ሰው አጥቼ ነው የጀመርኩት። መካነ ሰላም ተመልሼ፣ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣም ልማዱ አልለቀቀኝም።

ከአጥር ማዶ ያለችው ሐረግ ገል ይዛ እሳት ልትጭር መጣች። እኛ ቤት ፍም ከየት ይምጣ? ድስቱ ምድጃው ላይ ይንተከተካል፤ ነበልባል የለ፣ ጭስ የለ። ሰፈሩ ሁሉ ምድጃዬን «መስታወቱ» ነው የሚለው። ስሙ ኢንዳክሽን ነው ብል ማን ሊሰማኝ!

«እሳቱ የታል?»

«የለም። ድስቱ ራሱ ነው የሚግለው።»

«ሂጂ ወዲያ!»

እጇን ይዤ ከድስቱ ጎን፣ መስታወቱ ላይ አሳረፍኩት። ጮኸች። ከዚያ በሳቅ ፈረሰች። «ቀዝቃዛ ነው እኮ፣ እናንተዬ!» ገሏን ባዶውን ይዛ ሄደች።

እቴቴ ከመደቡ ላይ ሆና፣ «እሳት የማይጫርበት ቤት ደግሞ ቤት ነው?» አለች። እሷ እንደሆነች ሁሌም እንዲሁ ናት። ሳሏ ግን ቀንሷል። አልሃምዱሊላህ።

ጥቅምት 9

ነገ የቅሬ ስብሰባ ነው። አንድ ነገር ልናገር አስቤያለሁ።

ቅሬያችን ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ቀብርተኛውን የሚያበላው ነው። እስላም ክርስቲያን አይልም፤ ሁላችንም አንድ ቅሬ ነን። ደንቡ ደግሞ፣ ጥሩምባ ከተነፋ እያንዳንዱ ቤት አንድ እስር እንጨት ይዞ ይወጣል። ንፍሮው የሚቀቀለው በዚያ እንጨት ነው።

ያን ንፍሮ ስትቀቅል የኖረችው ደግሞ እቴቴ ናት። ልጅ ሆኜ የማስታውሳት ከጭስ ውስጥ ስትወጣ ነው፤ ዓይኗ ደም መስሎ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ። በንፍሮ የሚስተካከላት አልነበረም! ሰው ከሌላ ቅሬ ሳይቀር «የእቴቴ ንፍሮ» ይላል። ደረቷንም የበላው ያው ጭስ ነው። «ደረቷ ከእንግዲህ ጭስ አይችልም» ብለው በስልክ ሲነግሩኝ ነው መስታወቱን ሻንጣዬ ውስጥ ሸጉጬ የመጣሁት። አሁን ለቅሬው የሚቀቅሉት ሌሎች ሴቶች ናቸው። የነሱ ደረትስ? ከብረት ነው?

ራዲዮ ላይ አንድ ባለሙያ ሲናገር ሰማሁ። በሦስት ጉልቻ ስናበስል ከመቶው ሙቀት ድስቱ ውስጥ የሚገባው አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት እጁ ነው አለ። ሌላው? ጣሪያ ያሞቃል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ወደ ሰማይ ይወጣል። በመስታወቱ ግን ሰማንያ አምስት እጁ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ጭሱም ሰማይ ወጥቶ ዝም ብሎ አይጠፋም፣ ዓለሙን ሁሉ ያሞቀዋል፣ ዝናቡንም ያዛባዋል አለ። ዛፉ ተቆርጦ ሲያልቅ ደግሞ ያን ጭስ መልሶ የሚመጥልን የለም። ከከተማው በላይ ያለው ተራራ ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ ቀጋ እየለቀምኩ የምደበቅበት... አሁን አንድ ዶሮ እንኳ አይደብቅም።

ጥቅምት 10

ተናገርኩት!

ዱዓው እንዳለቀ ብድግ አልኩ። «ከእንግዲህ ከእኛ ቤት እንጨት አይወጣም። በለቅሶው ቀን ምድጃዬን ይዤ እመጣለሁ፣ ንፍሮውን እኔ እቀቅላለሁ» አልኩ። ገበያ መሰለ ቤቱ። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያጉረመርማል።

የቅሬው ዳኛ አያ ፈንታሁን እጃቸውን አነሱ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደንብ ሲሆን ግን ፊታቸው ይጠቁራል።

«ልጄ ሱሀይላ፣ ሬሳ አጋድመን ምድጃ ልንሞክር ነው?»

«አንድ ጊዜ ይሞክሩኝ፣ አያ።»

«እንሞክርሻለን። ግን ደንቡን እወቂው። ንፍሮውም ካልቀረበ፣ እንጨቱም ካልመጣ ይቆጠርብሻል። ሦስተኛው ላይ ቤቱ ከቅሬው ይሰረዛል።»

እቴቴ ቤት ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ነው፣ «ማን ሊቀብረኝ ነው?» ያለችኝ። «አንድ እስር እንጨት ገዝተሽ ብትሰጪ ምን ይጎድልብሻል?»

ምን ይጎድልብኛል? ከራሴ እናት ያራቅኩትን ጭስ ለሌላው እናት ገዝቼ ላቀብል? አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ቃሌን ግን አላጥፍም። አባቴም እንዲሁ ነበር ይላሉ።

ጥቅምት 23

ምነው ዛሬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

አያ ሀምዱ አረፉ፣ አላህ ይማራቸው። ቀብሩ ዛሬውኑ ስለሆነ ጥሩምባው እንደተነፋ ምድጃዬን አቅፌ ሮጥኩ። ሰው ሁሉ እንጨት ተሸክሟል፣ እኔ መስታወት። እንዴት እንደኮራሁ! የቅሬውን ጎላ ድስት፣ ያንን ትልቁን፣ ለሁለት ተሸክመው ላዩ ላይ አስቀመጡልኝ። ማብሪያውን ነካሁት። ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ... ብሎ ጠፋ። ደግሜ ነካሁት። ጢጥ ጢጥ። ውሃው እንደ ምንጭ ውሃ ቀዝቅዞ ቁጭ።

«ሬሳ ፈርቶ ይሆናል» አለ አንዱ ከኋላዬ። ለቅሶ ቤት ሰው ሲስቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አየሁ። በእኔ።

ጉልቻው ተጎለተ፣ በሰው እንጨት እሳት ተቀጣጠለ። አያ ፈንታሁን ሲያልፉ አንድ ጣታቸውን አሳዩኝ። «አንድ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ጥቅምት 24

ከቤት አልወጣሁም።

ጥቅምት 27

ቤት ውስጥ የሚሠራ ምድጃ ለቅሶ ቤት ምን ነካው? ሦስት ቀን ሙሉ ይሄንኑ ሳብላላ... ምድጃው ያው ነው። መብራቱ ያው ነው። ድስቱ ግን? እኔ እዚህ የማበስለው ከሪያድ አብሮት በመጣው ድስት ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ የእመቤቴ ድስቶች ሁሉ ለሱ የተሠሩ ነበሩ። ሌላ ጥጄበት አላውቅም!

ጓዳ የተጣለውን የተሰበረ አሮጌ ራዲዮ ፈታሁና የድምፅ ማጉያውን ማግኔት አወጣሁ። የራሴ ድስት ላይ ጥብቅ አለ። የእቴቴ ብረት ድስት ላይ ሳደርገው ዱብ፣ ወደቀ፤ ብረት ብንለውም አሉሚኒየም ነው። ሸክላው ላይማ ጭራሽ። ቅሬ ቤት ሄጄ ጎላውን ሞከርኩት፣ እሱም አሉሚኒየም ነው፣ ዱብ!

ለካ ነገሩ ይሄው ነው! ማግኔት የሚይዘውን ድስት ብቻ ነው የሚያግለው። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። አበደች የሚለኝ ሰው እንኳ በአካባቢው አልነበረም።

ኅዳር 3

የቅሬያችን ሰው መቅደላዊት ቤት ቡና ተጠርቼ... ቡናውን ተዉት። አልጋዋ ስር ምን አየሁ? ካርቶን። ውስጡ ምን? መስታወት! ከዱባይ ስትመለስ ይዛው መጥታ።

«አይሠራም እኮ። የሀገራችን መብራት አልተስማማውም» አለች።

«በምን ድስት ነው የሞከርሽው?»

«በብረት ድስት ነዋ!»

ማግኔቷን ከቦርሳዬ መዥረጥ። አሁን የትም ይዣት ነው የምዞረው። ቤቱን አስሰን ማግኔቷን የምትይዝ አንዲት ወፍራም የብረት መጥበሻ አገኘን፣ ጣድናት። ውሃው መንጣጣት ሲጀምር መቅደላዊት «በማርያም!» ብላ አፏን ያዘች። ስንት ዘመን አልጋ ስር አስተኝታው፣ እሷ በጭስ ስታለቅስ። ከኩዌት የተመለሰችው ፈይዛም እንደዚሁ ቁም ሳጥን ላይ ሰቅላዋለች አለችኝ። እንግዲህ ሦስት ሆንን።

ስንቱ ቤት ይሆን እንዲህ «ተበላሽቷል» ተብሎ የተቀመጠ? የዓረብ ሀገር ላባችን፣ አልጋ ስር!

ኅዳር 8

ሃሩን ሱቅ ገብቼ ድስቶቹን አንድ በአንድ በማግኔት ስነካካ፣ «ድስት ነው የምትገዢው ወይስ ጂን የምታስወጪው?» አለኝ። «ጂን ያለበትን ነው የምፈልገው» አልኩት። ሰውየው በሳቅ ሞተ። ከታች መደርደሪያ፣ አቧራ ውስጥ፣ ማግኔቱን ጥርቅም አድርገው የያዙ ሦስት ትልልቅ የስቲል ድስቶች አገኘሁ። ገዢ አጥተው የኖሩ ናቸው አለ። ዛሬ አገኙ።

ኅዳር 20

የላይ ሰፈሯ አሮጊት ሞተች። መብራት ከንጋት ጀምሮ የለም። ሦስት ምድጃ፣ ሦስት አዲስ ድስት፣ ሦስት ሴት... ተያየን።

ባዶ እጄን ሄድኩ። ቢሆንም ሄድኩ። ሐረግ እንጨቷን አውርዳ አጠገቤ ቆመች፣ አላህ ይስጣት። አያ ፈንታሁን ጣታቸውን እንኳ አላሳዩኝም። «ሁለት» ብቻ።

እቴቴ አለቀሰች። እኔም ተደብቄ።

ታኅሣሥ 2

ከጓሮ፣ ከዶሮዎቹ ቤት ጀርባ አንድ እስር እንጨት አገኘሁ። የማን እንደሆነ መጠየቅም አያስፈልግም።

«ምንድነው ይሄ?»

«የኔ ነው። ለሦስተኛው ቀን። አንቺ ስትኮሪ እኔ ሜዳ ላይ ልቀር?»

«እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ ነው!»

«ለእኔ ከሆነ ቅበሪኝ!»

በሩን በላዬ ላይ ዘጋችው። ውጪ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። ደንቡን የማከብር አልመሰላትም? ይሄ ቅሬ አባቴን ቀብሮልኛል፣ እኔ ባሕር ማዶ ሆኜ። ከሱ ልወጣ አይደለም የፈለግሁት። ወላሂ ውስጡ ሆኜ ነው ላሻሽለው የፈለግሁት። ግን ለአንዲት የደከመች እናት ይሄን በምን ቋንቋ ነው የሚያስረዱት?

እንጨቱን አልነካሁትም። እዚያው ይቀመጥ።

ታኅሣሥ 17

አመሻሹ ላይ ጥሩምባ። ማን መሰላችሁ... የአያ ፈንታሁን ታላቅ ወንድም፣ አያ ሞላ። ከቤት ሁሉ የዳኛው ቤት! ያረቢ፣ ዛሬስ ፈተናውን አበዛኸው።

ቀብሩ ለነገ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን። ጊዜ አለን። ሦስታችንም በየቤታችን ስንዴና ባቄላውን ዘፍዝፈናል፤ የራሰ እህል ቶሎ ይበስላል፣ መብራትም አይጨርስም። መቅደላዊትና ፈይዛን «ክዳን አትክፈቱ፣ ከፈላ በኋላ ኃይሉን ቀንሱት» ብያቸዋለሁ። ሞክሬ ሞክሬ ያገኘሁት ነው፣ ከፈላ በኋላ ብዙ ኃይል አይፈልግም።

እቴቴን ዝፍዝፉን ስትነካካ አየኋት... «ባቄላው አንሷል» አለችና ሄደች። ጨመርኩበት።

ታኅሣሥ 18

ሁሉንም ልጻፈው፣ አንድም ሳላስቀር።

ጠዋት ጣድኩት። አሪፍ ፈላ። ቤቱ በስንዴ ሽታ ታወደ። ስንዴው ፍንድት ፍንድት ማለት ሲጀምር... ድርግም። መብራት ሄደ! ባቄላውን በጥርሴ ሞከርኩት፤ መሀሉ ገና ይቀረዋል። ፈይዛ ከሰፈሯ እየሮጠች መጣች፤ እነሱም ጋ ሄዷል። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይሰማል። ሰው ወደ ቀብር እየወጣ ነው።

ምን አደረግኩ? እውነቱን ልጻፍ። ወደ ጓሮ ወጣሁ። እስሩን እንጨት አነሳሁ። ደንቡ ነው፣ እንጨቱን ይዤ ብሄድ አለቀ፣ እንኖራለን። እጄ ላይ ከበደኝ... እንባዬ መጣ።

«አስቀምጪው!»

እቴቴ በሩ ላይ ቆማለች። እንደዚያ ዘመን ድምጿ፣ ጎላ ጥዳ ሴቶቹን ስታዝ እንደነበረችው።

«አስቀምጪውና ግቢ። ክዳኑን ደግሞ ማን ክፈቺ አለሽ? የፈላ ነገር እኮ ነው!»

ቤት ገብታ ሻንጣውን ከፈተች። የሪያዱን ብርድ ልብስ አወጣች፤ ያንን ነብር የተሣለበትን፣ ከነላስቲኩ ያስቀመጠችውን፣ «ለእንግዳ» ብላ እኔን እንኳ አንድ ቀን ያላለበሰችኝን! ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችው። ድስቱን ከነክዳኑ ጥቅልል፣ ጥቅልል አደረገችው፤ ከላይ ጋቢዋን ደረበችበት፤ ሕፃን የምታስተኛ ነው የምትመስለው።

«ሙቀቱ ከውስጥ አለ አይደል? እዚያው ይጨርሰዋል። ጎላውን እኮ እንደዚህ ማድረግ አይቻልም ነበር፣ ጥላሸቱ!» አለችና ወደ ፈይዛ ዞረች። «ሩጪ! ያንቺንም የመቅደላዊትንም ጠቅልሉ!»

ተጠቅልሎ ቆየ። ከቀብር የሚመለሰው ሰው መንገድ ላይ ሲታይ ከነብርድ ልብሱ ተሸክመን ሄድን። ሦስት ድስት፣ አንዱ ነብር፣ አንዱ ጋቢ፣ አንዱ ፍራሽ ለብሶ። ሐረግ አይታን «ምን ጉድ ነው ያዘላችሁት?» ብላ ሳቋን ዋጠች።

እቴቴ ክዳኑን ራሷ ከፈተችው። እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ቦግ አለ። አንዲት ባቄላ በሁለት ጣቷ ያዘች፣ ጫን አለቻት... ፍርጥ! እንደ ቅቤ! እኔን አላየችኝም፤ ግን ከንፈሯ ጥግ ላይ አየሁት። እኔ ነኝ የማውቀው ያንን ፈገግታ።

አያ ፈንታሁን ከቀብር ገብተው ተቀመጡ። ዘገነላቸው ሰው። ቆረጠሙ፣ ቆረጠሙ... ቤቱ ሁሉ እሳቸውን ነው የሚያየው፣ ወይስ መስሎኝ ነው? ከዚያ ዙሪያውን አዩ። ጎላው ባዶውን ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሰዉ ሳይሳል፣ ዓይኑን ሳያሽ ቁጭ ብሏል።

«የማነው ንፍሮው?»

«የእቴቴ ነው» አልኩ፣ ሳላስብ።

«የልጄ ነው» አለች እቴቴ፣ ተሽቀዳድማ።

አያ ፈንታሁን በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። «በኖርኩበት ዘመን ለቅሶ ቤት ስቀመጥ፣ የማለቅሰው ለሟቹ ይሁን ለጭሱ ለይቼው አላውቅም ነበር» አሉ። «ዛሬ ዓይኔ ለወንድሜ ብቻ አለቀሰ።»

«ሦስት» የሚል ቃል ከማንም አልወጣም።

ታኅሣሥ 19

እንቅልፌን ጠገብኩ። ዛሬ መኩራት ብቻ ነው ሥራዬ።

ጥር 4

የቅሬ ስብሰባ። አያ ፈንታሁን ራሳቸው አነሱት። ምድጃ ያለው ቤት በእንጨቱ ፋንታ የበሰለ ንፍሮ ያመጣል። ለቅሶ ቤት ለሚሞቅ ሰው ትንሽ እሳት ይበቃል። መብራት ከጠፋና ያልፈላ ከሆነ የዚያን ቀን አይቆጠርም፣ የሌላው እንጨት ይሸፍናል። አንዱ ተነስቶ «እንጨትማ የአባቶቻችን ነው» ሲል፣ አያ ፈንታሁን «አባቶቻችን ጫካውንም ትተውልን ነበር፣ የት አለ?» አሉት። ተቀመጠ።

የቅሬው ባሕር ዛፍ ዘንድሮ አይቆረጥም ተባለ። ከበላዩ ባለው ገላጣ መሬት የሀገር ዛፍ፣ ወይራና ጽድ፣ ይተከላል። ጭብጨባ! እኔ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ክረምት ከእኛ ተራራ እየጠራረገ ወደ አባይ የሚወርደው ውሃ... ዞሮ ከግድቡ በሽቦ መብራት ሆኖ ተመልሶ ንፍሮ ሲቀቅልልን! የላክነው ልጅ ሥራ ይዞ እንደመጣ ነው የምቆጥረው።

ንፍሮውን የሚቆጣጠር ሰው ይመረጥ ሲባል ቤቱ በአንድ አፍ፣ «እቴቴ!» አለ። እቴቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ደረቴን ካልነካው እሺ» አለች፣ የተለመነች መስላ። ማታ በደስታ እህል አልበላላትም።

ጥር 22

ማግኔቷ ጠፋች ብዬ ስፈልግ ዋልኩ። እቴቴ ቦርሳ ውስጥ! የሰው ቤት ድስት እየዞረች ትፈትሻለች አሉኝ። ሐረግን «ያንቺ ይሄ አይሆንም፣ ልጄ ሃሩን ሱቅ ትወስድሽ» ብላታለች።

የካቲት 3

ገና ሳልነሳ ጥሩምባ ተነፋ። ተኝቼ ጆሮዬን አቆምኩ። የቅሬው ለፋፊ ዋለ ነው፤ ያው ወፍራም ድምፁ፣ ያው የልጅነቴ ጥሪ... ግን መጨረሻው ላይ አዲስ ቃል አለ።

«የቅሬ ሰው ሁሉ ስማ! ለቅሶ ነው፣ ውጣ! እንጨት ያለህ በእንጨትህ፣ ምድጃ ያለህ በድስትህ!»

ብድግ አልኩ። ደገመው። በድስትህ! ቀስ በቀስ እየራቀ፣ በየሰፈሩ። እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ፣ አላፈርኩበትም።

ወደ ጓዳ ስሮጥ እቴቴ ቀድማኛለች። ድስቱ መስታወቱ ላይ ነው፣ ክዳኑ ገጥሟል፣ ነብሩ ብርድ ልብስ ታጥፎ አጠገቡ ይጠብቃል። ሳልናገር «ክዳኑን እንዳትነኪ» አለችኝ።

የጓሮው እስር እንጨት አሁንም እዚያው ነው። ሰሞኑን አንዷ ዶሮ ላዩ ላይ እንቁላል ጥላ ተቀምጣበታለች።

ንፍሮው ደርሶ ልንወጣ ስንል እቴቴ መዝጊያው ላይ ቆም አለች። «አሁንስ ብሞትም አላፍርም። የእኔም ቀን ሲደርስ ሰው እየሳለ አይሸኘኝም።»

«አትሙቺ እንጂ፣ እቴቴ!»

«ማን ይሞታል? በዚያ በኩል ያዢ፣ ሰው እየጠበቀን ነው።»